ፒኤ ትምህርት ቤት የሚገባው ማነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፒኤ ትምህርት ቤት ስለመግባት የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። አንዳንዱ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ «በቃ፣ ተውኩት» ብሎ ነው የላከልኝ። ይህን ምላሽ ያጻፈኝ ሁለተኛው ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ፒኤ ወይም ፊዚሽያን አሲስታንት አሜሪካ ውስጥ በሽተኛ የሚመረምር፣ የሚያክም፣ መድኃኒት የሚያዝ፣ ከሐኪሞች ጋር ተቀናጅቶ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ትምህርቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በአብዛኛው 27 ወር ገደማ ይፈጃል፤ በማስተርስ ያስመርቃል። በአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት በ2024 የሙያው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 133,260 ዶላር ነበር። ልጆቻችን ቢጎርፉበት አይገርምም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ጂፒኤው ከ3.8 በታች የሆነ ሰው አይድከም። ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መንከባከቢያ) ውስጥ በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት፣ መሥራት ለማመልከቻ አይረባም። አገር ቤት በጤና የተመረቀ ሰው ዲግሪውን አስገምግሞ መንገዱን ማሳጠር ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ ከታወቀ ሐኪም ይሁን። ድርሰቱ አንባቢን ያስለቅስ። ማመልከቻው እስከ መጨረሻው ቀን ይስተካከል። በመጨረሻም በርከት ያለ ትምህርት ቤት ይሞከር፤ አንዱ አይጠፋም።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ግን ነገሩን ገልብጠውታል። እርሳቸው ደካማ ያሉት አመልካች ብዙ ጊዜ ጠንካራው ነው። ጠንካራ ያሉት ደግሞ በቀላሉ ይወድቃል። እኔ በዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። የሚያመለክቱ ልጆችን ወረቀትም እያነበብኩ አስተያየት እሰጣለሁ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

ከጂፒኤው ልጀምር። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚያስቀምጡት ዝቅተኛ ውጤት 3.0 ነው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ 3.5 እና 3.6 አካባቢ ነው። አማካይ ነው ማለት ደግሞ ከዚያ በታች ሆነው የገቡ ብዙ አሉ ማለት ነው። 3.8 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ጽሑፉ ማንሳት የነበረበት ካስፓ ውጤትን እንዴት እንደሚያሰላ ነው። ካስፓ ማመልከቻችሁን አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ለመረጣችኋቸው ፕሮግራሞች የምትልኩበት ማዕከላዊ ሥርዓት ነው። አንድ ኮርስ ስትደግሙ ኮሌጃችሁ አሮጌውን ውጤት ሊያነሳላችሁ ይችላል። ካስፓ ግን አያነሳም። ሁለቱንም ይደምራል። ኬሚስትሪ ላይ ዲ አግኝታ ደግማ ኤ ያመጣች ልጅ ለኮሌጇ 4.0 ናት፣ ለካስፓ ግን በዚያ ኮርስ 2.5 ናት። በአሥራ ስምንት ዓመታችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተመዝግባችሁ፣ ምዝገባውን ሳትሰርዙ ጠፍታችሁ፣ ኤፍ የተሰጣችሁበት ኮርስም አብሮ ይቆጠራል። የሳይንስ ውጤት ደግሞ ለብቻው ተሰልቶ ይቀመጣል። ሰው በትራንስክሪፕቱ ተማምኖ ገብቶ ካስፓ ያወጣለትን ቁጥር ሲያይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ካስፓ ውጤቱን በየዓመቱ ከፋፍሎም ያሳያል። ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ልጅ ከአገር ቤት በመጣ በዓመቱ፣ ማታ እየሠራ ቀን እየተማረ፣ በመጀመሪያዎቹ 60 ክሬዲቶች 2.7 አመጣ እንበል። በቀጣዮቹ 60 ደግሞ 3.8 አመጣ። ድምሩ 3.25 ነው። በጽሑፉ ሚዛን ይህ ልጅ ወድቋል። ፋይሉን የሚያነብ ሰው ግን የሚያየው ከባዶቹን ኮርሶች በኤ የዘጋ ተማሪ ነው። የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለይተው የሚመለከቱ ፕሮግራሞችም አሉ። ስለዚህ ውጤታችሁ ቢወርድ ያለፈውን ሁሉ ልድገም አትበሉ። ፕሮግራሞቹ በቅድመ ሁኔታነት ከሚጠይቋቸው ኮርሶች ከሲ በታች የሆነውን ድገሙ፤ በቀረው ጊዜ ባዮኬሚስትሪና ጄኔቲክስን የመሰለ ከፍ ያለ ኮርስ ወስዳችሁ ኤ አምጡ።

ጸሐፊው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅንም በአንድ መስመር አጣጥለውታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ የስንቱ ሐበሻ መነሻ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ቅድመ ሁኔታ ኮርሶችን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይቀበላል። አንዳንዱ ከፍ ያሉትን ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይፈልጋል። የፕሮግራሙን ገጽ ማንበብ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ ልምጣ። ጽሑፉ የሲኤንኤን ሥራ ሽንት ጨርቅ ከመቀየር አሳልፎ አላየውም። በምትኩ ሆስፒታል እንግዳ መቀበያ ላይ በበጎ ፈቃድ መሥራትን ይመክራል።

ካስፓ የጤና ልምድን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው በሽተኛውን በቀጥታ የተንከባከባችሁበት ነው። ሁለተኛው ጤና ተቋም ውስጥ ሆናችሁ በሽተኛውን በቀጥታ ያልነካችሁበት ነው። ክብደት ያለው የመጀመሪያው ነው። ሲኤንኤ ከአምቡላንስ ባለሙያው ኢኤምቲና ከክሊኒክ ረዳቱ ሜዲካል አሲስታንት ጋር እዚያ ውስጥ ይመደባል። እንግዳ መቀበያው ሁለተኛው ውስጥ ነው። ለሐኪም ማስታወሻ የሚይዘው የስክራይብ ሥራ መሐል ቤት ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ይቆጥረዋል፣ አንዱ አይቆጥረውም።

ሙያው ራሱ እንዴት እንደተጀመረ ማስታወስ ይበቃል። በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይ የመጀመሪያውን የፒኤ ክፍል ሲከፍቱ የተቀበሏቸው አራት ሰዎች ባሕር ኃይል ውስጥ ቁስለኛ ሲያክሙ የቆዩ ነበሩ። ሦስቱ በ1967 ተመረቁ። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ሜዴክስም በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ሲጀመር ከጦር ሠራዊት የመጡ ሜዲኮችን ይዞ ነው። ቀድሞ እጁን በበሽተኛ ያሟሸ ሰው ነበር የተፈለገው። ሜዴክስ ዛሬም 2,000 ሰዓት የበሽተኛ እንክብካቤ ይጠይቃል። ሌሎች 500 ወይም 1,000 ይጠይቃሉ። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 2,000 ይደርሳል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሦስት ዓመት ፉል ታይም የሠራች እህታችን 6,000 አካባቢ አላት። ይህ የማይረባ ከሆነ የሚረባው የትኛው ነው?

ችግሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ሌሊት ሺፍት ላይ ያለች አንዲት ሲኤንኤን አስቡ። ከአልጋ መነሳት የማይችሉ አንድ አዛውንት አሉባት። በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ተረከዛቸው ቀልቶ አየች። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጤነኛ ቆዳ ሲጫኑት ይነጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ይሄ አልነጣም። የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ ስለማይለይ በእጇ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ነው የምታጣራው። ለተረኛ ነርሷ ነገረች፣ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ከእግራቸው ሥር ትራስ አደረገች፣ ሪፖርት ላይ ጻፈች፣ ጠዋት ለሚረከበው አስረከበች።

ይህች ልጅ ካስፓ ላይ ምን ብላ ጻፈች? «ታካሚዎችን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ረዳሁ።» በቃ! እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አንብቤ ስንት ጊዜ እንደተቃጠልኩ። ያየችውን፣ የመዘነችውን፣ ለማን እንደነገረችና ምን እንደተደረገ ብትጽፍ ግን አንባቢው ፒኤ ስትሆን ምን እንደምትመስል ያያታል።

ሆም ኬር፣ ማለትም በሽተኛን ቤቱ ሄዶ መንከባከብ፣ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ምግብ ያበሰላችሁበት፣ ልብስ ያጠባችሁበት፣ ገበያ የወጣችሁበት ሰዓት የበሽተኛ እንክብካቤ አይባልም። በሽተኛውን ያጠባችሁበት፣ ከአልጋ ያነሳችሁበት፣ የደም ግፊት የለካችሁበት ግን ሊቆጠር ይችላል፤ እሱም እንደ ፕሮግራሙ ነው። ለያይታችሁ በእውነት ጻፉ። ካስፓ የተቆጣጣሪያችሁን ስምና አድራሻ ይጠይቃል። በካሽ የተሠራ፣ ስም የሌለው ሥራ ማን ሊመሰክርላችሁ ነው?

ወደ አገር ቤቱ ዲግሪ ልለፍ። እዚህ ላይ ጽሑፉ ሰው ይጎዳል፤ ገንዘብም ጊዜም ያስጨርሳል። ፒኤ ሆኖ ለመሥራት ፓንስ የተባለውን የ300 ጥያቄ ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ደግሞ አርክ ፒኤ የተባለው ተቋም እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም መመረቅ ያስፈልጋል። አቋራጭ የለውም። ጥቁር አንበሳ ስፔሻሊስት የነበረ ሐኪምም ቢሆን ፒኤ ልሁን ካለ ከአንደኛው ቀን ጀምሮ ክፍል ገብቶ ይማራል።

የውጭ ትራንስክሪፕት ደብሊውኢኤስን በመሰለ ድርጅት ተገምግሞ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። ካስፓ የሚያሰላው ጂፒኤ ውስጥ ግን አይገባም። ብዙ ፕሮግራሞች አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን አሜሪካ ውስጥ እንድትወስዱ ይፈልጋሉ። የሳይንስ ኮርስ ከአምስት፣ ከሰባት ወይም ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው የማይቀበሉም አሉ። የአገር ቤት ዲግሪ ላለው ቶፍል የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቁም አሉ። ሬሳ ከፍቶ አናቶሚ የተማረ ሰው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ተቀምጦ የአጥንት ስም ሲሸመድድ ያማል። ግን ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ታዲያ የአገር ቤቱ ልምድ ከንቱ ነው? ኧረ በፍጹም! ጎንደር የጤና መኮንኖችን ማሰልጠን የጀመረው በ1954 ነው፤ ዱክ ከመክፈቱ 11 ዓመት ቀድሞ። ሐኪም በሌለበት ወረዳ የሚመረምር፣ የሚያክም፣ አቅሙን ሲያልፍ ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያ እኛ ዘንድ የኖረ ነገር ነው። ጤና መኮንን የነበራችሁ ሰዎች ይህን ድርሰታችሁ ላይ ለምን እንደምትዘሉት አይገባኝም። የአሜሪካ ልጅ ለሁለት ሳምንት ባለሙያ ተከትሎ አይቶ (ሼዶው አድርጎ) የሚጽፈውን እናንተ ኖራችሁበታል። የሥራ ሰዓታችሁንም የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ቶሎ ልለፈው። ጸሐፊው ስመ ጥር ሐኪም ፈልጉ ይላሉ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው ዶክተር እገሌ ጋ ይሮጣል። እርሳቸውም ቤተሰቡን ለረጅም ዓመታት እንደሚያውቁት፣ ልጁ ጨዋና ትሑት እንደሆነ ይጽፋሉ። ጨዋነቱን ማን ጠየቀ? ፋይሉን የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ጸሐፊው ልጁን ሥራ ላይ አይቶት እንደሆነ ነው። አብራችሁት የሠራችሁት ፒኤ፣ ሺፍቱን የምትመራው ነርስ፣ ላብራቶሪ ያስተማራችሁ መምህር ከማንም ይበልጣሉ። ካስፓ እስከ አምስት ደብዳቤ ይቀበላል፤ አንዳንድ ፕሮግራም አንዱ ከፒኤ እንዲሆን ይጠይቃል። ይሉኝታ ይዟችሁ እስከ መጨረሻው ሳምንት አትቆዩ። ሰው ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ይፈልጋል።

ድርሰቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ካስፓ የሚሰጣችሁ ከነክፍት ቦታው 5,000 ፊደልና ምልክት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ለምን ፒኤ? ጽሑፉ አንባቢውን አስለቅሱ ይላል። ስለዚህ ልጆቻችን ሰሃራን፣ የአያት ሞትን፣ የአባት ስደትን ይደረድራሉ። መከራችሁን አላቃልልም። ግን ሦስት አንቀጽ መከራ ተጽፎ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሰው መርዳት እፈልጋለሁ» ቢባል ጥያቄው አልተመለሰም። ነርስም ሰው ይረዳል። ማኅበራዊ ሠራተኛም ይረዳል። ሐኪም ለምን አልሆንሽም ብለው ኢንተርቪው ላይ ይጠይቋችኋል፤ መልሱ ድርሰቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ለእናቷ ስታስተረጉም ያደገች ልጅ እንውሰድ። እናቷ የስኳር መድኃኒቷን ለጾም ስታቆም ዶክተሩ አልገባቸውም ነበር፤ ልጅቷም እንዴት ብላ እንደምትተረጉመው አላወቀችም። በሌላ ቀጠሮ የመጣው ፒኤ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈታ ጠየቀ፤ መድኃኒቱን ከዚያ ጋር አስማማው። ልጅቷ ስለዚያ ሰውዬ አሠራር፣ ከሐኪሙ ጋር እንዴት እንደተመካከረ፣ እሷም በዚያ ቦታ ላይ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ብትጽፍ፣ የስደቱ ታሪክ በሁለት መስመር ይበቃዋል። አማርኛ መናገሯም እዚህ ላይ ጉልበት ይሆናታል። ሐኪም ያነሰበትን ማኅበረሰብ ማገልገል ዓላማችን ነው የሚሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ትርጉም አለው።

እስከ መጨረሻው ቀን አስተካክሉ የሚለው ምክር የሐበሻ ቀጠሮ ነው። ካስፓ የሚከፈተው በኤፕሪል ማብቂያ ላይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻ እንደደረሳቸው እያነበቡ ኢንተርቪው ይጠራሉ፤ ወንበሩ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ሊሞላ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ካስፓ ትራንስክሪፕታችሁን እያስተያየ ለማረጋገጥ ሳምንታት ይወስድበታል። አንዳንዱ ፕሮግራም ቀነ ገደብ የሚለው ያስገባችሁበትን ቀን ሳይሆን ማመልከቻው ተረጋግጦ ያለቀበትን ቀን ነው። በመጨረሻው ምሽት የላከ ሰው እዚያ ላይ በር ተዘጋበት ማለት ነው። በጁን ገደማ የገባ መጠነኛ ድርሰት በሴፕቴምበር ከገባ ያማረ ድርሰት ይሻላል እላለሁ። ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሳይዙ ማመልከት አይቻልም የሚለው ደግሞ ያረጀ ወሬ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ትተውታል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትም አለ። ፒኤን ሥራ ላይ ተከትሎ ማየት፣ ሼዶው ማድረግ፣ አስፈላጊ ነው። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ሥራ መሥራት አይታሰብም ማለታቸውም እውነት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች እንዲያውም ይከለክላሉ ወይም እንዳትሠሩ አጥብቀው ይመክራሉ።

ግን ይህን ካሉ በኋላ ሃያ ትምህርት ቤት ሞክሩ ማለታቸው ገርሞኛል። ለመጀመሪያው ፕሮግራም ወደ 180 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ወደ 60 ዶላር ይከፈላል። ሃያ ሲሆን ወደ 1,320 ዶላር ነው። ብዙዎቹ ለራሳቸው ሌላ ክፍያ ይጨምራሉ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ካስፓ የክፍያ ድጋፍ አለው፤ ግን ውስን ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው። እኔ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ተመርጦ። የስቴታችሁን ነዋሪ የሚያስቀድም አለ? የልምድ ሰዓታችሁን ይቀበላል? ኮርሶቻችሁ አላረጁበትም? ተማሪዎቹ ፓንስን በምን ያህል ያልፋሉ? ስንቱስ አቋርጦ ይወጣል? የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች ፕሮግራሞቹ በገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። እውቅናው ጊዜያዊ መሆኑን ወይም በማስጠንቀቂያ ላይ መሆኑንም አርክ ፒኤ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ።

ስለ ትምህርቱ ወጪ ጽሑፉ ምንም አላለም። ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ይዘጋል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚቀረው መደበኛ የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ነው። የብዙ ፕሮግራም ወጪ ከዚህ ያልፋል። ሐኪም ባነሰበት አካባቢ ለማገልገል ቃል ለገባ ተማሪ ናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮር የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም የትምህርት ክፍያና የወር ኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ፒኤንም ያካትታል። የሚሰጠው ግን ለአሜሪካ ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ አምስት ዓመት ሞልቷችሁ «ነገ» እያላችሁ የቆያችሁ ካላችሁ፣ የዜግነቱን ፎርም ከካስፓው በፊት አስገቡ።